ዜሮዋን አትሰርዟት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ይሄ ፖስት ረጅም ነው። ጊዜ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው። የምጽፈው ስለ መኪና ፍጥነት ዳታ ነው። አዎ፣ ስለ ኤክሴል ፋይል። በኤክሴል ፋይል ሰው ይናደዳል ወይ ካላችሁኝ፣ እኔ ተናድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ጥናቷ አዲስ አበባ ውስጥ መኪኖች መንገድ ላይ የሚያወጡትን ጭስ ማስላት ነው። በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከችልኝና «ቲቸር፣ እስኪ ይዩልኝ፣ ውጤቱ አልዋጥልኝ አለ» አለችኝ። ፋይሉ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ከተቀመጠ ጂፒኤስ የተገኘ ነው፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፍጥነት፣ በየሴኮንዱ አንድ መስመር። አብሮት ዳታው እንዴት እንደሚጸዳ የሚያዝ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ከማን እንደተሰጣት አልናገርም። እዛ ወረቀት ላይ ምን ይላል መሰላችሁ? «ፍጥነታቸው ዜሮ የሆኑ መስመሮች በሙሉ ይሰረዙ።» እሷ ጎበዝ ናት፣ ለምን ብላ ጠይቃለች። የተሰጣት መልስ፦ የቆመ መኪና ትራፊክ አይደለም።

የቆመ መኪና ትራፊክ አይደለም! እስኪ ይሄንን ጠዋት መገናኛ ላይ ሄዳችሁ ለአንድ ወያላ ንገሩት።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የአንድ ከተማ መኪኖች ምን ያህል ጭስ እንደሚያወጡ ለማወቅ እያንዳንዱ ጭስ ማውጫ ላይ መሣሪያ አይገጠምም፤ አይቻልምም። የሚደረገው ስሌት ነው። ስንት መኪና፣ ምን ዓይነት መኪና፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በምን ፍጥነት። ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነት በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ግራም እንደሚያወጣ ቀድሞ ተለክቶ የተዘጋጀ ቀመር አለ፤ ያ ግራም ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር ይቀያየራል። አውሮፓውያን ኮፐርት የሚባል ሶፍትዌር አላቸው፣ በአማካይ ፍጥነት ነው የሚሠራው። አሜሪካኖች ሙቭስ የሚባል አላቸው፣ እሱ ጠለቅ ይላል፤ እመለስበታለሁ።

የፍጥነትና የጭስ ግራፉን ብትስሉት ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። መኪናው ሲያዘግም በኪሎ ሜትር የሚያወጣው ብዙ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ይወርዳል፤ ለቤት መኪና ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ታች ይደርሳል። ከዛ በላይ ነፋሱን ለመግፋት ብዙ ነዳጅ ስለሚያስፈልግ እንደገና ይወጣል። ልብ በሉ፣ የሳህኑ የግራ ጎን ገደል ነው። ከ10 ወደ 20 ስትሄዱ የምታዩት ልዩነት ከ50 ወደ 60 ስትሄዱ ከምታዩት ጋር በጭራሽ አይወዳደርም። ጠዋትና ማታ የአዲስ አበባ መኪና የሚውለው የት ነው? እዛው ገደሉ ላይ። እዛ ቦታ ላይ ፍጥነትን በትንሹ መሳት ጭሱን በብዙ መሳት ነው።

በሉ አሁን ዜሮዋን እንሰርዛት። አንድ ሚኒባስ 3 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 18 ደቂቃ ፈጀበት እንበል። ከ18ቱ ደቂቃ 9ኙን ቆሟል፤ መብራት ላይ፣ ፌርማታ ላይ፣ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እየተባለ። 3 ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ነው። ዜሮዎቹ ሲሰረዙ ግን 3 ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ ሆነ፤ በሰዓት 20። ሚኒባሱ አልፈጠነም። ተሳፋሪው ሥራ አርፍዷል፣ አለቃው ተቆጥቶታል። ኤክሴሉ ውስጥ ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል። ያቺን 20 ይዛችሁ ግራፉ ላይ ስትሄዱ ጭሱ ቁልቁል ወረደላችሁ። ዲሊት የምትለዋን ቁልፍ በመጫን ብቻ የከተማ አየር ጸዳ!

ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና ነዳጅ ይበላል። እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ለስሌት እንዲመቸን በሰዓት አንድ ሊትር ያዙት። በ9 ደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ናፍጣ። ይሄ አንድ ሚኒባስ በአንድ ጉዞ ነው። ጠዋት አንድ ፌርማታ ላይ የተደረደሩትን እናንተው ቁጠሩ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የሚቆሙበት ቦታ ነው። መኪና ዝም ብሎ ሜዳ ላይ አይቆምም። የሚቆመው ሰው ባለበት ነው። ፌርማታ ላይ ይቆማል፤ እዛ ሰው ተሰልፏል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቆማል፤ እዛ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የታክሲ ሰልፍ አለ፣ መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው። ጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት አንከፍትም። ከከፈትን ጠመኔው ሳይሆን ጭሱ ነው የሚያስለን። እነዚህ ልጆች የሚተነፍሱትን አየር የሚወክለው መስመር የትኛው ነው? ያቺ የተሰረዘችው ዜሮ ናት። ፍጥነት 40 ያለው መስመር አይደለም፤ 40 የሚሄደው መኪና አልፏቸው ሄዷል።

ስለዚህ «ዳታ ማጽዳት» ስትሉኝ እጠይቃለሁ፤ ከምን ነው የምታጸዱት? ከስህተት ወይስ ከጭስ?

ዘመዷ የሆነ ሌላ ጥፋት አለ። ከኔ ጋር 9ኛ ክፍል የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ኪሎ ሜትር በ10፣ ቀጣዩን ኪሎ ሜትር በ50 ብትሄዱ አማካይ ፍጥነታችሁ ስንት ነው? ግማሹ ክፍል «30!» ብሎ ይጮህ ነበር። አይደለም። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሁለተኛው 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ። 2 ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ፣ በሰዓት 16.7 ገደማ ነው። 30 ያለ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ያችኑ 30 ሪፖርት ላይ የጻፈ ሰው ግን ይጨበጨብለታል።

መንገድ ዳር ቆሞ በራዳር የሚለካ ፍጥነትም ያው ነው። በአንድ ነጥብ የሚያልፉትን መኪኖች ፍጥነት ደምራችሁ ስታካፍሉ ለፈጣኖቹ ታደላላችሁ። ከመንገዱ እውነተኛ የጉዞ ፍጥነት በፍጹም አያንስም፤ ሁሉም መኪና እኩል ካልሄደ በቀር ይበልጣል። ዋርድሮፕ የሚባል እንግሊዛዊ ይሄንን በ1952 እ.ኤ.አ. ጽፎ ጨርሶታል። ራዳሩ ደግሞ ተሰልፎ የቆመውን ጭራሽ አያየውም፤ ለመቆጠር ማለፍ አለበት። ለትራፊክ ፖሊስ ሥራ ራዳር ግሩም ነገር ነው፣ በፍጥነት የሚያልፈውን ለመያዝ ነው የተሠራው። ለጭስ ስሌት እሱን ብቻ ይዞ መምጣት ግን በሜትር እህል መስፈር ነው።

እዚህ ላይ ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ ልሁን። ዜሮ ሁሉ ጭስ አይደለም። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ምሳ የሚበላበት ዜሮ አለ። ማታ ጊቢ የገባ መኪና ዜሮ አለ። እነዚህ መውጣት አለባቸው፣ ማንም አይከራከርም። ግን ለመለየት መሥራት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሞተሩ መነሳት አለመነሳቱን ይመዘግባሉ፤ ያ ዓምድ ካለ አበቃ፣ ሞተር ጠፍቶ የታየች ዜሮ ትውጣ፣ ሞተር ተነስቶ የታየች ዜሮ ትቆይ። ዓምዱ ከሌለ ካርታ ላይ ታያላችሁ፤ ከመንገድ ወጥቶ ነው የቆመው ወይስ መንገዱ ላይ? ስንት ደቂቃ? «ከዚህ ደቂቃ በላይ ከመንገድ ወጥቶ የቆመውን እንደ ፓርኪንግ ቆጥሬዋለሁ» ብላችሁ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ ትጽፋላችሁ። ይሄ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ዜሮን በጅምላ መሰረዝ አምስት ሴኮንድ ይወስዳል። ልዩነቱ እሱ ነው፤ ሌላ ሳይንሳዊ ምክንያት አትፈልጉለት።

ጂፒኤስ ራሱም ይዋሻል፣ አውቃለሁ። የቆመ መኪና ላይ 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያለ ይንቀጠቀጣል። ቀለበት መንገድ ድልድይ ስር ሲገባ ደግሞ ይቃዣል፤ 15 ይሄድ የነበረ መኪና በአንድ ሴኮንድ 90 ገብቶ ተመልሶ 15 ይሆናል። በአንድ ሴኮንድ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር ማለት ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሰላሳ ዓመት ያገለገለ ሚኒባስ በጭራሽ አይሞክረውም። እንዲህ ያለውን አውጡ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ክፍተት ከሆነ ከፊትና ከኋላው አይታችሁ ሙሉት፤ ክፍተቱ ከረዘመ ጉዞውን ለሁለት ቁረጡት፣ አትፍጠሩ። መኪናው ቦታውን ሳይለቅ 2 እያለ የሚንቀጠቀጠውን ደግሞ ዜሮ አድርጉት። ዜሮ አድርጉት አልኩ እንጂ ሰርዙት አላልኩም።

አንዳንዱ ደግሞ በሌላኛው ጽንፍ ይሄዳል። ፍጥነቱን በየ30 ሴኮንዱ አማካይ እየወሰደ እንደ ሸሚዝ ይተኩሰዋል። መስመሩ ለስላሳ ሆኖ፣ አምሮ ይወጣል። ሚኒባስ ታክሲ ግን ለስላሳ አይደለም! ተነሳ፣ ረገጠ፣ ፍሬን ያዘ፣ ቆመ፣ ተነሳ፤ ኑሮው ይሄ ነው። ጭሱ ቡን የሚለው ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ ሲረግጠው ነው፣ ሁላችንም ከኋላው ቆመን አይተነዋል፣ ውጠነዋልም። በየደቂቃው አንድ መስመር የሚልክ ዳታ ይዛችሁ ያንን ማየት አትችሉም፤ በሁለት መስመሮች መካከል ሁለቴ ተነስቶ ሁለቴ ቆሟል። እንዲህ ያለው ዳታ ለጉዞ ጊዜ ይጠቅማል፣ ለርግጫው አይጠቅምም። ይሄንን ሳይናገሩ መጠቀም ነው ችግሩ።

መሣሪያው በምን ያህል ጊዜ እንደሚልክ ማወቅ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። የጭነት መኪናና የአውቶቡስ መከታተያዎች ብዙዎቹ ባትሪና ኢንተርኔት ለመቆጠብ ተብሎ ሲንቀሳቀሱ ቶሎ ቶሎ፣ ሲቆሙ ደግሞ አልፎ አልፎ እንዲልኩ ይደረጋሉ። መኪናው ሲሄድ በየ10 ሴኮንዱ፣ ሲቆም በየ5 ደቂቃው ይልካል እንበል። 5 ደቂቃ ሄዶ 5 ደቂቃ ቢቆም፣ ለሄደበት 30 መስመር፣ ለቆመበት 1 መስመር አገኛችሁ። መስመሮቹን ደምራችሁ ካካፈላችሁ መኪናው የቆመው ከ31 አንድ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ግማሹን ቆሟል እኮ! መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ እስከሚቀጥለው መስመር ድረስ ስንት ሴኮንድ እንዳለ ጻፉና በዛ አባዙት። አንድ ዓምድ መጨመር ነው። የሚያበሳጨው ማንም ሳይሰርዛት ዜሮዋ ብቻዋን መጥፋቷ ነው።

ሰዓትም አለ። ይሄ የኛ አገር ጣጣ ስለሆነ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰዓት ላይ፣ ጂፒኤሱ በግሪንዊች ሰዓት 05:00 ብሎ ይመዘግባል። ስልካችሁ 08:00 ይላል። መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚቆጥረው ልጅ ወረቀቱ ላይ 2:00 ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ሳያስታርቅ ፋይሎቹን ያጋባቸው ሰው ግን የጠዋቱን የመኪና ብዛት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፍጥነት ጋር ይድረዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ነው፣ መኪናው ይበራል። ውጤቱ ምንድነው? ሺህ መኪና፣ ሁሉም ነጻ መንገድ ላይ እየበረረ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። እንዲህ ያለ አገር ካለ እኔም ልሂድበት።

አሁን ወደ ሙቭስ ልመለስ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው የሠራው። ፍጥነትን በ16 ሳጥን ይከፍለዋል። የመጀመሪያዋ ሳጥን ለማን ናት? ከ2.5 ማይል በሰዓት በታች ለሚሄድ፤ በኛ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ ማለትም ለቆመና ለሚሳብ። አንድ ሙሉ ሳጥን! ሳጥኖቹን የምትሞሏቸው ደግሞ በተሄደው ርቀት አይደለም፣ በፈጀው ሰዓት ነው። ምክንያቱም የቆመ መኪና ርቀት የለውም፣ ሰዓት ግን አለው። ውስጡ ስትገቡ ደግሞ የመኪናውን አሠራር በ23 ሁኔታ ይከፋፍለዋል፤ ሞተር ተነስቶ መቆም ለብቻው አንድ ሁኔታ ነው፣ ፍሬን መያዝም ለብቻው። ሰፊ አውራ ጎዳና ያላቸው ሰዎች ለቆመ መኪና ቦታ ሰጥተዋል። እኛ ቆመን የምንውለው ሰረዝናት።

ከ23ቱ ብዙዎቹ የሚለዩት በፍጥነት ብቻ ሳይሆን አንድ ቶን መኪና በሚፈልገው ፓወር ነው። ይሄ ስሌት በ1999 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ላይ በተሠራ የዶክትሬት ጥናት የታወቀ ነው፤ ፍጥነትን፣ ፍጥንጥነትን እና ዳገትን አንድ ላይ ያስገባል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ለቤት መኪና በሚውሉት ቁጥሮች አስልቼላችኋለሁ። 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሜዳ ላይ፣ እኩል ፍጥነት፦ ለአንድ ቶን 0.8 ኪሎዋት ገደማ። ያው 20፣ 6 በመቶ ዳገት ላይ፦ 4 ገደማ። ያው 20፣ ሜዳ ላይ ግን በየሴኮንዱ አንድ ሜትር በሴኮንድ እየጨመረ፦ 6.9። ያው 20፣ ዳገትም ሆኖ እየጨመረም፦ ከ10 በላይ።

አያችሁ? ኤክሴሉ ላይ አራቱም «20» ነው የሚሉት። ሞተሩ ላይ ያለው ሸክም ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይለያያል። ይሄንን የምለው ለየትኛው ከተማ ነው? እንጦጦ ላይ ቆሞ ቃሊቲን ለሚያይ ከተማ። ከለገሃር ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ስትወጡ፣ ወይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በታክሲ ውስጥ ሞተሩ ሲያቃስት ሰምታችሁታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳር አገር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በተለይ ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር አየር ሲያጥረው ነዳጁን ሳይጨርስ ያቃጥልና ጥቁሩን ይለቀዋል። ስለዚህ ከፍጥነቱ አጠገብ የዳገት ዓምድ ይግባ። የጂፒኤሱን ከፍታ ብቻ አትመኑ፣ ብዙ ይዋዥቃል፤ ከከፍታ ካርታ ውሰዱ።

«ዳታ ከሌለን የውጭውን እንጠቀማለን» የሚል አለ። ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አውሮፓውያን እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አዲስ መኪና የሚፈትሹበት የፍጥነት ሥዕል ነበራቸው፤ 1,180 ሴኮንድ፣ አማካዩ በሰዓት ወደ 34 ኪሎ ሜትር፣ አጨማመሩ ቀስ ያለ፣ ዳገት የሌለው። ለራሳቸው መንገድም አልሆነም ብለው ቀይረውታል። በ2015 የቮልስዋገን ጉድ ሲወጣ ያየነው እኮ ይሄንን ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ንጹሕ የሆነ የናፍጣ መኪና መንገድ ላይ ሲለካ አንዳንዱ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ በገዛ አገራቸው መንገድ የተለካውንና ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካውን ሲያነጻጽሩ ጉድ አዩ፤ እኛ የነሱን ላቦራቶሪ አምጥተን ጀሞ ላይ እንዘርጋው? ናይሮቢ እንኳ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ መኪኖች ላይ ጂፒኤስ ተገጥሞ የራሷ መንገድ ተለክቷል።

«ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለ ጭስ ምን አስጨነቀህ» የምትሉኝም ትኖራላችሁ። አዎ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ያለው ሚኒባስና አይሱዙ ግን ነገ አይጠፋም፤ እኛ አገር መኪና አይሞትም፣ ጋራዥ ገብቶ ይነሳል። ደግሞ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲመጣ መጀመሪያ የት መስመር ላይ ይሰማራ? ኤሌክትሪክ ሲቆም ጭስ የለውም፣ ፍሬን ሲይዝ ኃይል ይመልሳል፤ የሚያዋጣው ብዙ መቆምና መነሳት ባለበት መስመር ላይ ነው። ያ መስመር የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ማን ነው? ያቺው ዜሮ። ሰርዛችሁ አውቶቡሱን ነጻ መንገድ ላይ ልትልኩት ነው።

«መንገዱ ሰፋ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ጭሱም ቀነሰ» የሚለውንም እየሰማን ነው። ሊሆን ይችላል፣ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን የበፊቱንና የአሁኑን በአንድ ዓይነት መንገድ የተዘጋጀ ዳታ አሳዩኝ። የበፊቱ ከነዜሮው፣ የአሁኑ ዜሮው ተሰርዞ ከሆነ መንገዱን ሳይሆን ኤክሴሉን ነው ያሰፋችሁት።

«ስህተቱ በብዛት ሲሆን ይካካሳል» የሚለውን ክርክር ከተማሩ ሰዎች መስማቴ ይገርመኛል። የሚካካሰው ወዲህም ወዲያም የሚሳት ስህተት ነው። ዜሮ መሰረዝ ወዲህና ወዲያ የለውም፤ ሁልጊዜ ፍጥነቱን ወደ ላይ፣ ጭሱን ወደ ታች ነው የሚወስደው። ሚሊዮን መስመር ብትጨምሩበት ያው ነው። አንድ ነጋዴ ሚዛኑ ሁልጊዜ ለራሱ እያደላ «ደንበኛ ሲበዛ ይካካሳል» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

አሁን ፋይሉ እጃችሁ ላለ። ከናንተ ውስጥ ትራንስፖርት ድርጅት የምትሠሩ አላችሁ፣ ራይድ የምትነዱ አላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ የቀራችሁም አላችሁ። ጥሬውን ፋይል አትንኩት፤ ኮፒ አድርጋችሁ በኮፒው ሥሩ። የምታወጡትን መስመር ከመሰረዝ አጠገቡ «ለምን ወጣ» የሚል ዓምድ ጨምራችሁ ምልክት አድርጉበት። መጨረሻ ላይ ስንት በመቶው ሰዓት እንደወጣ ቁጠሩና ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። ከዛ ቀላሏን ፈተና አድርጉ፦ የመስመሮቹ ጠቅላላ ሰዓት መኪናው ከተነሳበት እስከደረሰበት ካለው ሰዓት ጋር ይገጥማል? የጎደለ ሰዓት ካለ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጭስ ሲያወጣ የነበረ መኪና ጥላችኋል።

አንዲት ዜሮ ብቻ በደስታ ሰርዙ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰፈር የቆመችዋን። እሷ የሾፌሩ ቤት ናት፤ ፋይሉ ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት እሷም፣ ታርጋውም፣ ስሙም ይውጣ። ሾፌሩ መንገዱን ነው የሰጣችሁ፣ ቤቱን አይደለም።

ልጆቹ ጠዋት በር ላይ ናቸው፣ ታክሲውም ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ነገም እዛው ነው። መስመሯ ፋይሉ ውስጥ እንድትቆይ ነው የምለው፣ ሌላ የጠየቅኩት ነገር የለም።

ጥያቄ ያለው ኮመንት ላይ ይጻፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። «ዲፕሎማህን ይዘህ ከዶክተሮች ጋር ምን አከራከረህ» ሊል የመጣ ካለም ይምጣ፣ አልቀየምም። መጀመሪያ ግን 3 ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጽፎ ይግባ።